የካላ ግቢ

ከነገሌ ቦረና እስከ ያቤሎና ሜጋ ባለው ቆላ፣ ዕድሜ የጠገበ ቤት እፈልጋለሁ የሚል ሰው ብዙ ይደክማል። የቦረና ባህላዊ ቤት የሴቶች ሥራ ነው፤ እንጨቱን አጉብጠው ሣር የሚያለብሱት እነሱ ናቸው። መንደሩ ግጦሽና ውኃ ፍለጋ ሲነሣ አሮጌው ቤት ይቀራል፣ በአዲሱ ሰፈር ሌላ ይቆማል። ከተሞቹማ ቆርቆሮ ለብሰዋል። ልጅ ከአባቱ እየተረከበ ዘመናት የኖረበትን ግቢ ለማየት ከያቤሎ ወደ ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ኮንሶ መግባት ነው።

ኮንሶ በእርከኑና በድንጋይ ካቡ የታወቀ አገር ነው። 55 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው መልክዓ ምድሩ በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ሲመዘገብም ከ400 ዓመት በላይ፣ የ21 ትውልድ ታሪክ እንዳለው ተጠቅሷል። ሕዝቡ በየኮረብታው አናት፣ ከአንድ እስከ ስድስት ዙር ካብ በታጠሩ መንደሮች ተጠጋግቶ ይኖራል። አንዳንዱ ካብ አራት ሜትር ይደርሳል።

ካላ የተባለው አለቃ ግን የሚኖረው ከካቡ ውጪ ነው። ፖቃላ ይሉታል፤ የጎሣ አለቃ፣ መራቂና አስታራቂ ማለት ነው። መንደርና መንደር ሲጣላ ዳኛው ከአንደኛው ወገን ጎረቤት ሆኖ ቢገኝ ማን ያምነዋል? ስለዚህ ቤቱ ከኮንሶዋ ከተማ ከካራት ብዙም ሳይርቅ፣ ለብቻው በጥድ ደን ውስጥ ተሠርቷል። አባቶቹ የተቀበሩበት ደን ስለሆነ እንደፈለጉ መቁረጥ ነውር ነው። ዙሪያው የተራቆተ ኮረብታ ሆኖ ሳለ ጥዱ እስካሁን የቆመው በዚሁ ክብር ነው።

ግቢው በእንጨት አጥር የተከፋፈለ፣ የሣር ክዳን ጎጆዎች ያሉት ነው። ኮንሶ ምሰሶውን ከጥድ ማቆም የሚወደው ምስጥ ስለማይደፍረው ነው። ሣሩ ግን ዘላለማዊ አይደለም፤ ዝናብና ፀሐይ ይበሉታል፣ ከዳኝ ተጠርቶ ይታደሳል። ዋናው ጠባቂው ጭስ ነው። በየቀኑ የሚነድደው እሳት ክዳኑን ያደርቀዋል፣ ነፍሳቱንም ያባርራል። እሳት የማይነድበት የሣር ቤት ብዙ ዓመት ሳይቆይ ይበሰብሳል። እንግዲህ እዚህ ቤት ውስጥ መኖሩ ራሱ ጥገና ነው፤ በር ቆልፎ ቅርስ ማስጠበቅ አይሠራም።

የቅርስ ባለሙያዎች የታደሰ ቤት ያው ቤት መሆኑን የተቀበሉት ዘግይተው ነው። አንድ ቤት እውነተኛ የሚባለው የጥንቱን ድንጋይና እንጨት እንዳለ ከያዘ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ በሰፊው የላላው፣ በ1987 ዓ.ም. ጃፓን ናራ ላይ በወጣው ሰነድ ነው። የእንጨትና የሣር አገር ሰው ግን የአያቱ ቤት ክዳኑ ስለተለወጠ የአያቱ መሆኑ ይቀራል ብሎ አስቦ አያውቅም።

የግቢው ባለቤት ካላ ገዛኸኝ ሲቪል ምህንድስና የተማሩ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ይሠሩ ነበር፤ አባታቸው ሲያርፉ ወደ ደኑ ተመልሰው የፖቃላነቱን ቦታ ያዙ። ሲሚንቶና ብረት የሚያውቅ ሰው በጭስ የሚጠበቅ ቤት መረከቡ ያስገርመኛል።

በመንደሮቹ ውስጥ ቆርቆሮ እየገባ ነው። ቤት ከቤት በተጠጋጋበት ሠፈር አንድ ብልጭታ ብዙ ጎጆ ይዞ ይሄዳል፤ ለክዳን የሚሆን ሣር ማግኘትም ቀላል አይደለም። ለፎቶ እንዲያምር ብላችሁ በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ኑሩ ማለት ግፍ ነው። ቅርሱን የሚፈልገው መንግሥትም ሆነ ጎብኚ የሣሩንና የከዳኙን ወጪ ይጋራ።

ለመሄድ ያሰበ ሰው መንገዱን ከአርባ ምንጭ ወይም ከያቤሎ ማድረግ ይችላል። ግቢው ሙዚየም ሳይሆን የሰው ቤት ነውና በአካባቢው አስጎብኚ በኩል አስቀድሞ ያስፈቅድ። የካራት ገበያ ሰኞና ሐሙስ ነው።