ትራክተሩ ጉልበት አነሰው ወይስ ጎማው መሬት አልያዘም?

ባለፈው መጋቢት ዘመድ ጥየቃ ገለምሶ ሄጄ ነበር፡፡ አጎቴ ከከተማው ወረድ ብሎ፣ በጥቁሩ መሬት ላይ ማሽላ የሚዘራበት ማሳ አለው፡፡ በዚያን ሰሞን የበልጉ ዝናብ ጠንከር ብሎ ስለነበር፣ በሬ ለምኖ ከመክረም ይሻላል ብሎ ትራክተር ተከራየ፡፡ ትራክተሩ ሰማንያ የፈረስ ጉልበት ያለው፣ በኋላ ጎማው ብቻ የሚነዳ ነው፡፡ ሦስት መስመር እንኳ ሳያርስ የኋላ ጎማዎቹ ባዶውን መሽከርከር ጀመሩ፡፡ ሹፌሩ ነዳጅ ሰጠ፡፡ በሰጠ ቁጥር ጎማው ጉድጓዱን እያጠለቀው ሄደ፤ በመጨረሻ ትራክተሩ በሆዱ ተኛ፡፡ ጎረቤት አካፋና ዶንጎራ ይዞ መጥቶ እስከ አመሻሹ ሲቆፍር ዋለ፡፡ ኪራዩ የሚቆጠረው ደግሞ በሰዓት ነው!

ባለንብረቱ ጥፋቱን በሞተሩ ላይ አሳበበ፡፡ «ይኼ ጉልበት የለውም፤ መቶ ሃያ ፈረስ ያለው ነው ማምጣት» አለ፡፡ እኔ በሙያዬ የእርሻ መሣሪያ መካኒክ ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም፡፡

«ተው አቦ! እስቲ ጎማውን ማን ነው የነፋው?» አልኩት፡፡

ጎሚስታው ለጭነት መኪና በሚነፋው ልክ ነፍቶለታል፡፡ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው፡፡

ትራክተር የሚጎትተው ሞተሩ ባለው ጉልበት ልክ ሳይሆን ጎማው መሬቱን በያዘው ልክ ነው፡፡ መያዣ ያጣ ጎማ ላይ መቶ ሃያ ፈረስ ብትጭኑበት ጉድጓዱን ቶሎ ይቆፍራል እንጂ ማረሻውን አይስብም፡፡ በእርግጥ የሞተሩ ነገር ጨርሶ ውሸት ነው አልልም፡፡ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሦስት በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ማለት ነው፡፡ ጭሮን በመሰለ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ ቦታ፣ ወረቀቱ ላይ ሰማንያ የተባለው ፈረስ ስልሳ ስድስት ያህል ሆኖ ይገኛል፡፡ የአጎቴ ማሳ ላይ ግን ያም ቢሆን ሥራ አላገኘም፤ ሁሉም በጭቃ ውስጥ ሲሽከረከር አለቀ፡፡

ጎማው ምን ያህል እንደሚንሸራተት ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፡፡ በኋላ ጎማው ጎን ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፡፡ ማረሻው መሬት ውስጥ ገብቶ እየሠራ ሳለ ጎማው አሥር ጊዜ እስኪዞር ተከተሉና መነሻውንና መድረሻውን በእንጨት ቸክሉ፡፡ ከዚያ ማረሻውን አንስታችሁ በዚያው ርቀት ላይ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ቁጠሩ፡፡ ስምንት ተኩል ከሆነ መንሸራተቱ 15 በመቶ ነው፤ በኋላ ጎማው ብቻ ለሚነዳ ትራክተር ደህና ነው፡፡ ሰባት ከሆነ ግን 30 በመቶ ነው፡፡ ከአሥር ሊትር ናፍጣ ሦስቱን ያህል ጎማ ለማሻሸት አቃጠላችሁት እንደማለት ነው፡፡ ጨርሶ የማይንሸራተትም ጥሩ አይደለም፤ ትራክተሩ ያለ ልክ ከብዷል ወይም ማረሻው ቀሎታል ማለት ነው፡፡

መፍትሔው ከነፋሱ ይጀምራል፡፡ የኋላ የእርሻ ጎማ በማሳ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 16 ፒኤስአይ ይበቃዋል፤ ትክክለኛውን ልክ ግን የጎማው ሠንጠረዥ ይናገራል፡፡ ለስለስ ያለ ጎማ ሰፍቶ ይተኛል፤ ብዙ ጥርሱ በአንድ ጊዜ አፈሩን ይነክሳል፡፡ አስፋልት ላይ ስትወጡ ግን መልሳችሁ ንፉ፤ አለበለዚያ ጎማው ይበላሻል፡፡

ሁለተኛው ክብደት ነው፡፡ የፊት ብረት መግዛት ያቃተው ሰው ቢያንስ ለኋላው ውሃ አለው፡፡ የጎማውን ቫልቭ ወደ ላይ አዙሮ ካላማዳሪው ውስጥ ውሃ እስከ ቫልቩ መሙላት ነው፤ ይህም ከጎማው ሦስት አራተኛ ያህሉ ነው፡፡ 18.4-30 የሚባለው መጠን ያለው ጎማ 300 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ በሁለቱም ጎማ ሲሞላ ስድስት ኩንታል ተጨመረ ማለት ነው፡፡ የፈረንጅ አገር ገበሬ ውሃው በረዶ እንዳይሆንበት ጨው ወይም ሌላ ነገር ይቀላቅልበታል፡፡ እኛ ቢያንስ ከዚያ ጣጣ ነፃ ነን፡፡ ነገር ግን ክብደት በእርጥብ ጥቁር አፈር ላይ ዕዳም ነው፤ አፈሩን ይጠቀጥቀዋል፡፡ ስለዚህ ከማረስ በፊት አፈሩን በመዳፍ አሹት፡፡ እንደ ገመድ ቀጥኖ ከተጠቀለለ ትራክተሩን መልሱት፡፡ አጎቴ ሁለት ቀን ቢታገስ ኖሮ ያ ሁሉ ቁፋሮ ባልመጣ ነበር፡፡

ዲፈረንሻል ሎክ የሚባለውን ፔዳል ብዙ ሹፌሮች ይፈሩታል፡፡ አንዱ ጎማ መያዣ ሲያጣ ሌላውም የሚያገኘው ኃይል በዚያው ልክ ይወርዳል፤ ፔዳሉ ሁለቱን አስሮ እኩል ያዞራቸዋል፡፡ መረገጥ ያለበት ጎማው መሽከርከር ከመጀመሩ በፊት፣ በቀጥታ መስመር ላይ ነው፤ ሲታጠፉ መልቀቅ ነው፡፡ ከዚህም ካላለፈ ከባለ ሦስት ዲስኩ ማረሻ አንዱን ዲስክ ፈትቶ በሁለት ማረስ ይቻላል፡፡ ሹፌሮች ይህን እንደ ውርደት ያዩታል፤ ለምን እንደሆነ ግን አይገባኝም፡፡

እስካሁን ያወራሁት ስለ ሜዳው ነው፡፡ ምዕራብ ሐረርጌ ግን የጨርጨር ተራሮች አገር ነው፤ ቡናውም ጫቱም ያለው ዳገት ላይ ነው፡፡ ትራክተር በአገራችን በብዛት የገባው እንደ አርሲና ባሌ ባለ ሜዳማ መሬት ነው፡፡ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) በ1960 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ባለመሬቶች በትራክተር ለማረስ ብለው ጭሰኛን ማፈናቀላቸው የሚታወስ ነው፡፡ የሐረርጌ ገበሬ ግን እስከ ዛሬ ዳገቱን በዶንጎራ ይገለብጣል፡፡ የግብርና መሣሪያ ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ በ2011 ዓ.ም. ከተፈቀደ ወዲህ ብዙ ሰው ትራክተር የመግዛት ሐሳብ ስላለው፣ ዳገቱን የሚሞክርም አይጠፋም፡፡ እኔን የሚያስፈራኝ ይኼ ነው፡፡

ዳገት ላይ ሁለት ነገር ይጋጫል፡፡ አፈሩ እንዳይታጠብ ተዳፋቱን አግድም ማረስ ያስፈልጋል፤ ትራክተር ደግሞ በአግድም ሲሄድ በጎኑ ይገለበጣል፡፡ የጎማዎቹን መራራቅ ማስፋት ይረዳል፤ በተዳፋት ላይ ግን ነፋስ ከልክ በላይ ማሳነስ ጎማውን ስለሚያጥፈው አደጋ ነው፡፡ እኔ ከመቶ ሜትር ርቀት ላይ ከ15 ሜትር በላይ ከፍ በሚል መሬት ላይ ትራክተር አላስገባም፡፡ ቁልቁለት ላይ ፎሌ አድርጎ መልቀቅ ራስን መግደል ነው፤ ሁለቱ የፍሬን ፔዳሎችም በአንድነት መታሰር አለባቸው፡፡ የተቀበረ ነገር ለመጎተት ሰንሰለቱን ከአክሱሉ በላይ ማሰር የባሰ ነው፤ አፍንጫው ተነስቶ ወደ ኋላ ለመገልበጥ አንድ ተኩል ሰከንድ ይበቃዋል፡፡ ሹፌሩ «ምን ሆነ?» ለማለት እንኳ ጊዜ የለውም፡፡

ስዊድን በ1959 እ.ኤ.አ. አዲስ ትራክተር ሁሉ የሹፌር መከላከያ ብረት እንዲኖረው በሕግ አስገድዳለች፤ በመገልበጥ የሚሞተውም ሰው በእጅጉ ቀንሷል፡፡ አጎቴ የተከራየው ትራክተር ላይ ያ ብረት በመጋዝ ተቆርጧል፡፡ ለምን ብዬ ብጠይቅ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ እየያዘ ስላስቸገረ ነው ተባልኩ፡፡

ለዳገቱ ሰው እየገፋ የሚነዳው ባለ ሁለት ጎማ ትንሽ ትራክተር ይሻላል የሚሉ አሉ፡፡ ሲሚት የተባለው ዓለም አቀፍ የበቆሎና ስንዴ ምርምር ማዕከል ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን ሞክሮታል፡፡ ጉልበቱ ከ8 እስከ 15 ፈረስ ቢሆን ነው፤ ለአነስተኛ ማሳ ጥሩ ነው፡፡ ዳገት ላይ ግን እሱም ይንሸራተታል፤ የሚገፋውንም ሰው ያደክማል፡፡

በሦስተኛው ቀን መሬቱ ጠፈፍ ሲል የጎማውን ነፋስ አሳንሰን፣ አንዱን ዲስክ ፈትተን ገባን፡፡ በጠመኔ ለካሁት፤ ስምንት ተኩል ሊሞላ ትንሽ ቀረው፡፡ ሜዳው እስከ ምሳ ሰዓት አለቀ፡፡ ሹፌሩ ከላይ ያለውን ቁራጭ ማሳ እያየ «እሱንም እንሞክረው?» ሲል አጎቴ እኔን ተመለከተኝ፡፡ የተቆረጠውን ብረት አሳየሁት፡፡ እሱን በሬ ለምኖ አረሰው፡፡