ያውቁ ኖሯል? አንድ ዕጢ፣ ሁለት መስመር
የካንሰር የጨረር ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙ በሲቲ ስካን ምስል ላይ የዕጢውን ዳርቻ በመስመር ይከባል። ያንኑ ምስል ለሁለት ልምድ ላላቸው ሐኪሞች ቢሰጡ ግን መስመሮቻቸው ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። ልዩነቱ በሰፊው የሚለካበት ቀመር የመጣው ከሕክምና ውጭ ነው፤ አሜሪካዊው የሥነ ምህዳር ሊቅ ሊ ዳይስ በ1945 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ሁለት ዝርያዎች ምን ያህል አብረው እንደሚገኙ ለመለካት ነበር። ስሌቱ፣ ሁለቱም የከበቡትን የጋራ መጠን በ2 አባዝቶ ለሁለቱ ድምር ማካፈል ነው። አንዱ 40፣ ሌላው 60 ሚሊ ሊትር ከበው 40ው የጋራ ቢሆን ውጤቱ 0.8 ይሆናል፤ ፍጹም መግጠም 1 ነው። ይህ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ስሕተቱ በሕብለ ሰረሰር በኩል ከሆነ ጥቂት ሚሊ ሜትርም ከባድ ነው፤ ስለዚህ መስመሮቹ እጅግ የተራራቁበት ቦታ ርቀትም አብሮ ይለካል።