ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም

ቂሊንጦ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ ስለ ጤና ሳስተምር፣ ካረጠች ዓመታት ያለፏት እናት ቡና እየቀዳችልኝ «ልጄ፣ አበባዬ እኮ ተመለሰ» ትለኛለች። አንዷ ደስ እያላት፣ ሌላዋ አፍራ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ያኔ ቡናው አይወርድልኝም። ካረጡ በኋላ ደም የሚያዩ አብዛኞቹ ካንሰር የለባቸውም፤ የማህፀን ውስጠኛ ግድግዳ ካንሰር ከያዛቸው ግን ከ10ሩ 9ኙ ያህል መጀመሪያ የሚያዩት ይህንኑ ደም ነው።

«ተመርምሬ ነጻ ነሽ ተብያለሁ» የሚሉኝም አሉ። እሱ የማህፀን በር ምርመራ ነው፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ልጃገረዶች የሚከተቡትም ለማህፀን በር ካንሰር ነው። የውስጠኛው ግድግዳ ካንሰር ሌላ ነው።

የዚህ ካንሰር ክፋትም አንድ ዓይነት አይደለም። በሕዋሳችን ውስጥ ዕጢን የሚከላከሉ ዘረመሎች አሉ። ፒቴን የሚባለው ሕዋሱ ያለ ልክ እንዳይባዛ ይገታዋል። ፒ53 ደግሞ ዘረመሉ የተጎዳ ሕዋስ ሲያገኝ ያስቆመዋል፤ ጉዳቱ ካልተጠገነም ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ያደርጋል። የሁለቱ መበላሸት ግን መዘዙ ለየቅል ነው። ፒቴን ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ገና ከጅምሩ፣ ካንሰር ሳይሆን ግድግዳው ሲወፍር ጭምር ነው። ካረጡ በኋላም የሰውነት ስብ ኤስትሮጅን ስለሚያመነጭ ግድግዳውን ያወፍረዋል፤ ወፈር ያሉትንና ስኳር ያለባቸውን አጥብቄ የምጠይቃቸው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለው ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ከማህፀን ሳይወጣ ከተደረሰበት አብዛኞቹ በቀዶ ሕክምና ይድናሉ። ፒ53 የተበላሸበት ግን ፋታ አይሰጥም። የማህፀኑን ጡንቻ ሰርስሮ ወደ ዳሌ ንፍፊቶች፣ ወደ ሆድ ዕቃ ሽፋን፣ ወደ ሳንባ ይሻገራል። ቀጭን ሴትም አይምርም።

የትኛው እንደሆነ የሚለየው የፓቶሎጂ ባለሙያ ነው፤ ከማህፀን የተወሰደውን ናሙና ቀለም ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። ጤነኛ የፒ53 ፕሮቲን ቶሎ ስለሚፈርስ ቀለሙ እዚህም እዚያም ብቻ ይታያል። የተበላሸው ስለማይፈርስ ይከማቻል፤ የዕጢው ሕዋሶች በሙሉ ማለት ይቻላል ደምቀው ቡናማ ይሆናሉ። አንዳንዴም ጭራሽ አይታይም፤ እሱም ያው ክፉ ምልክት ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን የካንሰሩን ደረጃ አሰጣጥ ሲያሻሽል ይህን አካቶታል፦ ዕጢው ከማህፀን ባይወጣም ጡንቻውን ከነካና ፒ53 ከተበላሸ፣ ደረጃ 1 የነበረው 2 ይባላል።

ስለዚህ «እትዬ፣ አንድ ጠብታም ቢሆን፣ ባያምዎትም፣ ነገ ጠዋት ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ይሂዱ» እላለሁ። አልትራሳውንዱ የግድግዳውን ውፍረት ያሳያል፤ ቁርጡ የሚታወቀው ግን በናሙና ነው። እናቷ ወይም እህቷ የአንጀት ወይም የማህፀን ካንሰር ነበረባቸው ካለችኝ፣ ሴት ልጆቿም ለሐኪም እንዲናገሩ አደርጋለሁ፤ የዘረመል ስህተት የሚያርሙ ዘረመሎች እንደተበላሹ ከወላጅ ሊወረሱ ይችላሉና።