ጥማዱን በስልክ እንለካ ወይስ በጂፒኤስ?

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ መሬት የሚከራየው፣ ለእኩል የሚሰጠውና ለልጆች የሚከፋፈለው በጥማድ ነው። ጥማድ ግን አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ማለት እንጂ የተቆረጠ ልክ አይደለም። የበሬው ጉልበት፣ የአፈሩ ክብደትና የመሬቱ ተዳፋትነት ሲለያይ ጥማዱም ይለያያል። በወረቀት ላይ 4 ጥማድ 1 ሄክታር ነው እየተባለ ቢሰላም ማሳው ላይ ሲወርዱ ሌላ ነገር ይገኛል።

ልዩነቱ ደግሞ ገንዘብ ነው። ለረጅም ጊዜ በተለመደው ምክር መሠረት ለ1 ሄክታር 1 ኩንታል ዳፕ (ኋላም ኤንፒኤስ) እና 1 ኩንታል ዩሪያ ይታሰባል። ማሳዬ 1 ሄክታር ነው ብሎ የገመተ ገበሬ እውነተኛው ስፋት 0.8 ሄክታር ከሆነ 40 ኪሎ ማዳበሪያ ያለ ቦታው ገዝቷል ማለት ነው። መሬት ተከራይቶ ገብስ የሚያለማው ነጋዴም፣ የባሕር ዛፍ ቁጥቋጦ በቁሙ የሚገዛው ደላላም በዚሁ ሒሳብ ይከስራል ወይም ያተርፋል።

በዚህ የተነሳ ገመድ ይዞ መዞሩ ቀርቶ በሳተላይት መለካት እየተለመደ መጥቷል። ገዢው የሚቸገረው ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራውን በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ይግዛ ወይስ በኪሱ ባለው ስማርት ስልክ ላይ መለኪያ አፕ ይጫን በሚለው ላይ ነው። በውጭ አገር ይህንኑ ጥያቄ የሚያነሱት ኳሳቸው ከጉድጓዱ ምን ያህል እንደራቀ ማወቅ የሚፈልጉ ጎልፍ ተጫዋቾች ናቸው። እነርሱ ቢሳሳቱ የሚያጡት ነጥብ ነው። እኛ ዘንድ የሚጠፋው የዓመት ኪራይ ነው።

ሁለቱም የሚሰሙት አንዱን ሰማይ ነው

በእጅ የሚያዘው ጂፒኤስም ሆነ ስልኩ ከሳተላይቶች የሚመጣውን ምልክት ተቀብሎ የቆመበትን ቦታ ያሰላል። ቦታንና ከፍታን ለማወቅ ቢያንስ 4 ሳተላይት መታየት አለበት። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሎች ምልክቱን ሆን ብሎ ያደበዝዝ የነበረውን አሠራር ያቆመው በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ስለነበር ማሳ መለካት የማይታሰብ ነበር።

ዛሬ ሰማዩ በተከፈተበት ሜዳ ላይ ስማርት ስልክ የሚሳሳተው በአማካይ 5 ሜትር ገደማ ነው። ደህና የእጅ ጂፒኤስ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይሳሳታል። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በሁለት ሞገድ የሚቀበሉ ስልኮች ስለወጡ ልዩነቱ ይበልጥ ጠቧል። ስለዚህ በትክክለኛነት ብቻ ከሆነ ሻጩ እንደሚለው የሰማይና የምድር ልዩነት የለም።

መረሳት የሌለበት፣ የስልኩ ጂፒኤስ ለመሥራት ኔትወርክ የማይፈልግ መሆኑ ነው። ኔትወርክ የሚፈልገው ካርታው ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠበት ጊዜ ካርታቸውን አስቀድመው ያላወረዱ ሰዎች ባዶ ሰሌዳ ነበር የሚያዩት። በዚያው ስልክ ላይ ርቀትና ስፋት መለካት ግን ይቻል ነበር። በመሆኑም አፕ ሲመርጡ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን መምረጥና ካርታውን ከተማ ላይ ሳሉ ማውረድ ይገባል።

ማሳው ባነሰ ቁጥር ስህተቱ ይገዝፋል

ቀላል ሒሳብ እንውሰድ። መሣሪያው አንዱን ጎን በ3 ሜትር አሳሳተ እንበል። በ100 ሜትር ጎን ባለው 1 ሄክታር ላይ ስህተቱ 3 በመቶ ነው። በ50 ሜትር ጎን ባለው ሩብ ሄክታር ላይ 6 በመቶ ይሆናል። 20 ሜትር በ20 ሜትር በሆነች የጓሮ ቁራጭ ላይ ግን 15 በመቶ ይደርሳል። የሦስቱ ማሳዎች ልዩነት የመሣሪያው ጥራት ሳይሆን የመሬቱ ስፋት ነው። ይዞታው ተከፋፍሎ ባነሰበት በመንዝ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እንዲህ ላለችው ቁራጭ ከሁለቱም ይልቅ የ50 ሜትር ሜትሮ ይሻላል።

የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ከዓለም ባንክ ጋር በመሆን በ2004 ዓ.ም. በጀመረው የገጠር ቤተሰብ ጥናት ማሳዎች በጂፒኤስ ሲለኩ፣ በጣም ጠባቦቹ በገመድና በኮምፓስ እንዲለኩ የተደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። በኋላ በአገራችን በተደረገ የማነጻጸሪያ ጥናትም የጂፒኤስና የገመዱ ውጤት በአማካይ የተቀራረበ ሲሆን፣ በገመድ 1 ሰዓት ገደማ የወሰደው ሥራ በጂፒኤስ በሩብ ሰዓት ገደማ አልቋል። ገበሬዎች በቃል የሰጡት ግምት ግን ጠባቡን ማሳ ከልኩ በላይ፣ ሰፊውን ደግሞ ከልኩ በታች የማድረግ ዝንባሌ አለው።

ደጋውና ሸለቆው የየራሳቸው ጣጣ አላቸው

የመንዝ ጓሳ ከ3,200 ሜትር ከፍታ በላይ ነው። እንዲህ ባለው ብርድ የስልክ ባትሪ ቶሎ ይወርዳል፤ ስክሪኑ ሳይጠፋ ጂፒኤስ ሲሠራ ደግሞ ይብሳል። የእጅ ጂፒኤሱ በሁለት ባትሪ ድንጋይ 20 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይሠራል። ድንጋዩም በየሱቁ ይገኛል። መብራት በሚጠፋበት ወረዳ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። መሣሪያው ዝናብ ቢነካው፣ ከእጅ ቢወድቅም ስልክን ያህል አያሳስብም።

በጀማና በወንጭት ሸለቆ ዳር ዳር ሌላ ችግር አለ። ገደሉ ግማሹን ሰማይ ይሸፍናል፤ ምልክቱም ከቋጥኝ እየነጠረ ይመጣል። በዚህ ጊዜ የእጅ ጂፒኤሱም ስልኩም አብረው ይሳሳታሉ። ከዛፍ ሥርም እንዲሁ ነው።

ተዳፋቱም ያታልላል። ጂፒኤስ የሚለካው መሬቱ ከላይ ሲታይ ያለውን ጠፍጣፋ ስፋት ነው። ገመድ ግን የሚለካው ቁልቁለቱን ተከትሎ ነው። በ30 ዲግሪ ቁልቁለት ላይ 100 ሜትር ገመድ በጂፒኤስ 87 ሜትር ገደማ ሆኖ ይታያል። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ የተለያየ ነገር ለክተው ነው። ስለዚህ ተከራይና አከራይ በየትኛው እንደሚስማሙ አስቀድመው ይነጋገሩ። ከምንጭ ቧንቧ ለመዘርጋት የሚያስብ ሰው ደግሞ ጂፒኤሱ 100 ሜትር ሲለው በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ላይ 115 ሜትር ቧንቧ ካልገዛ ይጎድልበታል። በአፕ ላይ ከቦታ ወደ ቦታ የሚለካው ርቀት በቀጥታ መሥመር መሆኑም አይዘንጋ። ሸለቆ ሲያቋርጡ መንገዱ ከዚያ እጅግ ይረዝማል።

ከፍታን በተመለከተ ሁለቱንም ባያምኑ ይመረጣል። የጂፒኤስ የከፍታ ስህተት ከርቀቱ ስህተት ይበልጣል። የመስኖ ቦይ ውኃ ልክ በዚህ አይወሰድም።

ዋጋው ምን ይላል?

ጋርሚን የተባለው ኩባንያ በ2011 ዓ.ም. ለገበያ ያወጣው ኢትሬክስ 22ኤክስ የተሰኘው መሣሪያ የፋብሪካ አገር ዋጋው 200 ዶላር ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በነበረው የባንክ ምንዛሪ፣ ማለትም 1 ዶላር በ57 ብር ገደማ፣ ይህ ከ11 ሺህ 500 ብር አይበልጥም። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ስላለፈ ያው ዕቃ ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይጨመርበት 20 ሺህ ብር ተሻግሯል።

ለስሌት እንዲመች መሣሪያው 20 ሺህ ብር ተገዝቶ 5 ዓመት ያገለግላል እንበል። በዓመት 4,000 ብር ማለት ነው። በዓመት 4 ማሳ ብቻ ለሚለካ ቤተሰብ እያንዳንዱ ልኬት 1,000 ብር ይፈጅበታል። 40 ማሳ ለሚለካ የገበሬዎች ማኅበር ግን 100 ብር ነው። ስልኩ ቀድሞውኑ ለጥሪና ለገንዘብ ማስተላለፊያ የተገዛ በመሆኑ ለመለኪያ የሚጨመርበት ወጪ ከምንም አይቆጠርም፤ ብዙዎቹ አፖችም በነፃ የሚገኙ ናቸው።

ከዚህ ተነስተን ስንመክር፣ በዓመት ጥቂት ማሳ ለሚለካ ገበሬ፣ ተከራይ ወይም ነጋዴ ስልኩ ይበቃዋል። ቀኑን ሙሉ ሜዳ ለሚውል ቀያሽ፣ ለማኅበርና ለልማት ድርጅት የእጅ ጂፒኤሱ ዋጋውን ይመልሳል። አንድ ማኅበር ገዝቶ ለአባላቱ በተራ ቢያውሰው ደግሞ ይበልጥ ያዋጣል። ከውጭ በዘመድ ለማስላክ የሚያስቡ ግን ዕቃው ከመነሳቱ በፊት ጉምሩክ የሚጠይቀውን ፈቃድ ያጣሩ።

ሲለኩ

የትኛውንም ቢይዙ ከመነሳትዎ በፊት ሜዳ ላይ ጥቂት ደቂቃ ቆመው ሳተላይት እስኪይዝ ይጠብቁ። በድንበሩ ላይ ቀስ ብለው ይራመዱ፤ በየማዕዘኑ ቆም ይበሉ፤ የጀመሩበት ነጥብ ላይ ይጨርሱ። ሁለት ጊዜ ለክተው አማካዩን ይውሰዱ። ሁለቱ ልኬቶች ከተራራቁ ሦስተኛ ይለኩ። መሣሪያውን ለመፈተን በሜትሮ የሚታወቅ አንድ ሜዳ ዞረው ማወዳደር ጥሩ ነው።

የቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ባሳተማቸው የ1፡50,000 ካርታዎች ላይ ነጥብ የሚያሰፍሩ ሰዎች ሌላም ጥንቃቄ ያሻቸዋል። ካርታዎቹ የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ ሲሆን ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደብሊውጂኤስ 84 የተባለውን ነው። ሳይስተካከል ከተሰፈረ ነጥቡ 200 ሜትር ያህል ይሸሻል። በእጅ ጂፒኤሱ ላይ ይህን መቀየር ቀላል ነው፤ ብዙዎቹ አፖች ግን ምርጫውን አይሰጡም።

ከሁሉም በላይ፣ በስልክም ሆነ በጂፒኤስ የተገኘ ቁጥር የይዞታ ማረጋገጫ አይደለም። በክልሉ በአዋጅ ቁጥር 252/2009 መሠረት መብትን የሚያረጋግጠው በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት የተመዘገበው ነው። በመጀመሪያው ዙር ምዝገባ አብዛኛው ማሳ የተለካው በገመድና በአካባቢው ልማድ ስለሆነ ደብተሩ ላይ ያለው ስፋት እርስዎ ካገኙት ሊለይ ይችላል። ቁጥሩ ተለየ ተብሎ ግን የጎረቤት ድንበር አይገፋም። ወሰንተኞችን ይዞ ለቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ማመልከት ይቀድማል። ባለው የጸጥታ ሁኔታ ሳይነግሩ መሣሪያ ይዞ በሰው ማሳ ዳር መዞርም ጥርጣሬ ያስነሳልና ከመለካትዎ በፊት ለባለይዞታዎቹና ለቀበሌው ያሳውቁ።