ብቻችሁን ተራራ ለምትወጡ፦ አረቄው ይቅርባችሁ

ሐኪም ነኝ፤ በእረፍት ቀኔም ተራራ እወጣለሁ። ሰሞኑን «ብቻዬን ወጨጫ ተራራ ልወጣ ነው፤ ለብርዱ ትንሽ አረቄ ብይዝስ?» የሚል ጥያቄ ስለበዛ እዚሁ ልመልስ።

አረቄ አያሞቅም። ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ሙቀት ይሰማችኋል፤ ያ ሙቀት ግን ከውስጥ አካላችሁ ወጥቶ እየባከነ ነው። ማስተዋልንም ይነሳል።

ሁለተኛው ስሕተት ይብሳል፦ «እኛ አገር በረዶ የለም፣ ምን እንሆናለን?» የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከወረደ አደጋ ነው። ለዚህ ደግሞ ዝናብ፣ ነፋስና ድካም ይበቃሉ፤ አየሩ 10 ዲግሪ ሆኖም ይደርሳል። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። የጥጥ ልብስ ከራሰ ሙቀት አይዝም፤ ሱፍ ይሻላል። የሚደረብ ደረቅ ልብስ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙ።

የሰውነት ሙቀት መውረድ ምልክቱ መንቀጥቀጥ፣ የጣት መደንዘዝ፣ ከዚያም የምላስ መተሳሰር ነው። ሳትሞቁ መንቀጥቀጡ ከቆመ ብሷል እንጂ አልተሻላችሁም። ብቻውን ያለ ሰው ይህን በራሱ ላይ አያስተውልም፤ አእምሮው ቀድሞ ይደክማልና። ስለዚህ መንቀጥቀጥ እንደጀመራችሁ ደርቡ፣ ጣፋጭ ነገር ብሉ፣ ተመለሱ።

ሰው በማይበዛበት መንገድ እረኛም ላይገኝ፣ ኔትወርክም ላይኖር ይችላል። በየት እንደምትወጡና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ንገሩ። ጫፉ ላይ ባትደርሱም ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን ተመለሱ፤ 12 ሰዓት ላይ ይመሻል።

የአስም፣ የልብ ወይም የስኳር ሕመም ያለባችሁ ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁኝ፤ እመልሳለሁ።