የሌሊቱ ተረኛ ማነው?

ለ45 ቀኑ ክትባት የሚመጡ እናቶች ከመርፌው ይልቅ የሚያስጨንቃቸው ሌላ ነገር ነው። «ሲስተር፣ ቀን ለጥ ብሎ ይተኛል፤ ሲመሽ ግን ዓይኑን አፍጥጦ ያድራል። ምን ነክቶብኝ ነው?» ይሉኛል። አብዛኛውን ጊዜ ልጁን የነካው ነገር የለም። ጨቅላ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ14 እስከ 17 ሰዓት ይተኛል፤ እንቅልፉ ግን የተቆራረጠ ነው። ሆዱ ትንሽ ነው፣ የእናት ወተትም ቶሎ ይፈጫል፤ ስለዚህ ቀን ከሌሊት ሳይል ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት ይፈልጋል። ሌሊቱን ከቀኑ በደንብ መለየት የሚጀምረው ወደ ሦስተኛ ወሩ ግድም ነው። ማልቀሱም እስከ ስድስተኛው ሳምንት ገደማ እየባሰ ሄዶ ከዚያ ወዲህ እየረገበ ይመጣል። እናቶቹ ወደ እኔ የሚመጡት እንግዲህ ልክ በበረታበት ሰሞን ነው።

ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ፈታ ይላል። ቀጥዬ «ሌሊት ካንቺ ጋር ማን ይነሳል?» ብዬ ስጠይቅ ግን ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። አንዳንዶቹም «ማን ይነሳል፣ እኔው ነኝ እንጂ» ይላሉ። እንደ አዋላጅ ነርስ ከልጁ አለመተኛት ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ መልስ ነው።

እኛ ማዋለጃ ክፍል ስናድር ጠዋት ተረካቢ ይመጣል። የትኛዋ እናት እንዴት እንዳደረች፣ ምን መድኃኒት እንደወሰደች ተነግሮ ርክክብ ይደረጋል። አራስ ቤት ግን ተረካቢ የለም። ጠያቂስ ሞልቷል፤ ገንፎ ይገነፋል፣ አጥሚት ይቀርባል፣ ቡና ይፈላል። ይህ ሁሉ ታዲያ በቀን ነው። ልጁ ተኝቶላት አራሷ ጋደም ልትል ስትል በሩ ይንኳኳል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ግን የሚያንኳኳ የለም።

በዚህ ላይ በሽታ ቤት ሲገባ ነገሩ ይከፋል። ክረምት ላይ ያገኘኋት አንዲት ወጣት የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ፣ ሊያርሷት ከደብረ ብርሃን የመጡት እናቷ ኃይለኛ ጉንፋን ያዛቸው። አራሽዋ ራሳቸው አስታማሚ ፈላጊ ሆኑ። ባልየው የግል ድርጅት ሠራተኛ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እናት ከወለደች በኋላ 90 የሥራ ቀን ስታርፍ፣ አባት የሚያገኘው ሦስት ተከታታይ ቀን ብቻ ነው። ሦስቱ ቀን ወዲያው አልቆ ባልየው ሥራ ገብቷል። ልጅቷ በአንድ እጇ ሕፃን፣ በሌላው የእናቷን ሾርባ ይዛ ከረመች። ለክትትል ስትመጣ እሷም ማሳል ጀምራለች፤ «እንዳላስይዘው» ብላም ሌሊት ሌሊት ጡት ከልክላ የቆርቆሮ ወተት ትሰጠው ነበር።

እንዲህ ላለችው እናት የምንመክረው ግልጽ ነው። ጉንፋን የያዛት እናት ጡት ማጥባቷን አታቋርጥም። ሰውነቷ በሽታውን ለመከላከል የሚሠራው ነገር በወተቷ በኩል ለልጁም ይደርሳል። እጇን በሳሙና ታጥባ፣ አፍና አፍንጫዋን በማስክ ሸፍና ታጥባው። ልጁን መሳምና ፊቱ ላይ መተንፈስ ግን ለማንም አይፈቀድም። ከትክትክ የሚከላከለው ክትባት የሚጀመረው በ45 ቀኑ ስለሆነ እስከዚያ ከእናቱ በቀር የሚያስል ሰው ከልጁ ይራቅ። ሳሉ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየበት ሰው ደግሞ ለሳንባ ነቀርሳ ይመርመር።

ከባድ የነበረው ይህን ለአያትየው መንገር ነው። ከባልየው ጋር ተያይዘው መጥተው ነበርና «እማማ፣ እስኪሻልዎት ልጁን አይቀፉት» ስላቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። «ታዲያ እኔ ምን ላደርግ መጣሁ? የልጅ ልጄን በሩቁ ላየው ነው?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ሥራ የተነጠቀ አያት በገዛ ልጁ ቤት እንግዳ ይሆናል። እኔም ሌላ ሥራ ሰጠኋቸው፤ የጠያቂው ጉዳይ የእሳቸው ሆነ። ሳሎን ውስጥ መስኮት አስከፍተው ይቀመጣሉ፣ ስልክ ያነሳሉ፣ ለመጣው ሁሉ «በ40 ቀኑ ለክርስትናው ኑልን» ይላሉ። ይህን ልጅቷ ብትለው ኩራት ተብሎ ይወራባታል፤ እሳቸው ሲሉት ግን ማን ቅር ይለዋል?

ለባልየው ደግሞ ሰዓት ሰጠነው። ከምሽቱ 2 እስከ ሌሊቱ 7 ተረኛው እሱ ነው። ዳይፐር ይቀይራል፣ ያስገሳል፣ አቅፎ ያባብላል፤ ለመጥባት ሲሆን ብቻ ወደ እናቱ ያመጣዋል። አጥብታ መልሳ ትተኛለች። ከሌሊቱ 7 በኋላ እሷ ትረከብና እሱ ለሥራ እስኪነሳ ድረስ ያርፋል። ጠዋት ጠዋት ጎረቤቷ ለሁለት ሰዓት ያህል እየመጣች ልጁን ትይዝላታለች። ልብስ ማጠቡና ወጥ መሥራቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ተረኛ የሆነ ሰው እንቅልፍ ከጣለው ልጁን ታቅፎ ሶፋ ላይ ከማንቀላፋት፣ በጀርባው አጋድሞ በራሱ መኝታ ያስተኛው።

በክረምት የማልተወው አንድ ነገር አለ፤ ከሰል። አራስ እንዳይበርዳት ተብሎ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ምድጃ ይቀመጣል፣ ዕጣን ይጨሳል። ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ እናትና ልጅን እንደተኙ ይገድላል። ጭሱም ለጨቅላ ሳንባ አይሆንም። ልጁን የሚያሞቀው የእናቱ ደረት፣ ኮፍያና ብርድ ልብስ ነው።

የቤቱ ሰው ሁሉ ሲደክም ደግሞ የልጁ ሕመም ከተራ ማልቀስ ጋር ይምታታል። የሚያለቅስና አጥብቆ የሚጠባ ልጅ ብዙውን ጊዜ ደህና ነው። የሚያስፈራው ዝም ያለው ነው። ጡት አልይዝም ካለ፣ ካልነኩት የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ በብብቱ ሲለካ ሙቀቱ 37.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ከ35.5 በታች ከወረደ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ካንቀጠቀጠው፣ መዳፉና የእግሩ መርገጫ ቢጫ ከሆነ ንጋት አይጠበቅም። «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎም ወደ ቆራጭ አይኬድም፤ ወደ ጤና ተቋም ነው።

እናትየዋም ትታይ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ መባስና እንባ መቅረብ የተለመደ ነው። ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ልጁ ተኝቶላትም እንቅልፍ እምቢ ካላት፣ «ባልኖርስ?» የሚል ሐሳብ ከመጣባት ግን ሕመም ነውና ትታከም። «አራስ ናት፣ ይለቃታል» ተብሎ አይታለፍም።

አሁን ከወሊድ በኋላ እናትን ወደ ቤቷ ስሸኝ ባሏን አስቁሜ እሷ እየሰማች «የአንተ ሰዓት ከስንት እስከ ስንት ነው?» እለዋለሁ። «እረዳታለሁ» የሚለውን መልስ አልቀበልም። ሰዓቱን እስኪጠራልኝ እጠብቃለሁ።