ስለ ባሌ አስታና ስለ ጥንታዊው ሰደድ እሳት

በባሌ ተራሮች ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 እስከ 4,300 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ፣ በአማርኛ አስታ በኦሮምኛ ሳቶ የሚባለው ተክል ተራራውን እንደ መቀነት ታጥቆት ይገኛል። በታችኛው ወሰኑ ላይ ዛፍ ነው፤ ወደ ላይ በወጡ ቍጥር እያጠረ ይሄድና ቍጥቋጦ ይሆናል፤ ከዚያም በላይ ሜዳውን ለጓሳና ለጅብራ ይለቃል። በበጋ ወራት ከዚህ አስታ መካከል ጢስ ሲነሣ የሚያይ ሰው፣ አገር ጐብኚም ሆነ የመንግሥት ሠራተኛ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፤ ይኸውም ከብት አርቢው ተራራውን እያጠፋው ነው የሚል ነው። ይህ ፍርድ ሁለት ነገሮችን እንደ ተረጋገጡ አድርጎ ይነሣል። አንደኛው፣ እሳት ወደ ተራራው የመጣው ከከብትና ከእረኛ ጋር ነው የሚለው ነው፤ ሁለተኛው፣ እሳት የደጋገመው ተክል ከጊዜ በኋላ መጥፋቱ አይቀርም የሚለው ነው። ሁለቱም የታሪክ ጥያቄዎች ናቸውና ከሽማግሌ ትዝታም ከተጻፈ መጽሐፍም የሚያረጅ ምስክር ይፈልጋሉ።

ይህ ምስክር የተገኘው ከሐይቅ ጭቃ ውስጥ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።) ጋርባ ጉራቻ፣ ትርጓሜው ጥቁር ባሕር እንደ ማለት የሆነው፣ በ3,950 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ትንሽ ሐይቅ ነው። ጐድጓዳውን የቈፈረው በቀድሞው የብርድ ዘመን ከተራራው ራስ ይወርድ የነበረ የበረዶ ግግር ሲሆን፣ ግግሩ ቀልጦ ካለቀ ወዲህ ከ16,000 ለሚበልጡ ዓመታት ነፋስና ጐርፍ ያመጡት ትቢያ በሐይቁ ወለል ላይ ሲነባበር ኖሯል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመር፣ በዌልስ አገር ያስተምሩ ከነበሩት ከሄንሪ ላም፣ ከፈረንሳዊቱ ሊቅ ከሬሞንድ ቦንፊይና ከሌሎችም ጋር ሆነው በዚህ ደለል ውስጥ የቀረውን የአበባ ብናኝ መርምረው የባሌን ዕፀዋት ታሪክ በ2007 አሳተሙ። ስፔናዊቱ ተመራማሪ ግራሲየላ ሂል ሮሜራ ደግሞ ከባልደረቦቻቸው ጋር በዚያው ሐይቅ ደለል ላይ የከሰሉን ቅንጣት ከአበባው ብናኝ ጋር አስተያይተው፣ እሳትን ራሱን የጥናታቸው ዋና ጕዳይ አድርገው በ2019 አወጡ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ሁለተኛውን ጥናት ማስረዳት ነው።

የሥራው መንገድ እንዲህ ነው። ከሐይቁ ላይ ሆነው ረጅም ቧንቧ ወደ ጭቃው እየሰደዱ ደለሉን ሳይበጠበጥ እንደ ምሰሶ አድርገው ያወጡታል። ከታች ያለው የጥንቱ፣ ከላይ ያለው የቅርቡ ነው። በውስጡ የቀረውንም የሕይወት ትርፍራፊ በራዲዮካርቦን ዘዴ እየመረመሩ ዕድሜውን ይለያሉ። የአበባ ብናኝ ቅርፊት ብርቱ አሲድ እንኳ የማይበላው ስለ ሆነ፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ይህ የአስታ ነው፣ ይህ የጥድ ነው፣ ይህ የሣር ነው ለማለት ይቻላል። ከሰሉ ግን ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የደቀቀውን ነፋስ ከሩቅ ቆላ ድረስ ያመጣዋል፤ ተለቅ ያለው ቅንጣት ግን ከተቃጠለበት ቦታ ብዙ ሳይርቅ ይወድቃል። ስለዚህ ደለሉን በወንፊት አጥርተው ተለቅ ተለቅ ያለውን ለይተው ይቈጥራሉ። ይህ ልዩነት ባይታወቅ ኖሮ የቆላውን የሣር እሳት ከተራራው እሳት መለየት ባልተቻለም ነበር።

ውጤቱ አንባቢውን ያስደንቀዋል። በጋርባ ጉራቻ ዙሪያ እሳት ከዛሬ 14,000 ዓመት ገደማ ጀምሮ ነበረ። ከሁሉ ይልቅ የበረታውም ከዛሬ 10,800 ዓመት እስከ 6,000 ዓመት በነበረው ጊዜ ውስጥ ነው። ይህ ዘመን ግን የድርቅ ዘመን አልነበረም፤ እንዲያውም በምሥራቅ አፍሪካ ዝናም የበዛበት፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ታላቅ ሐይቅ ሆነው ውኃቸው ሞልቶ ወደ አዋሽ ይፈስ የነበረበት ዘመን ነው። ታዲያ ዝናም በበዛበት ዘመን እሳት እንዴት በረታ? መልሱ የሚገኘው እሳት የሚፈልገውን ነገር በመመርመር ነው። እሳት ደረቅ አየር ብቻ አይበቃውም፤ የሚበላው ያስፈልገዋል። ግግሩ ገና በቀለጠበት ብርዳምና ደረቅ ዘመን ተራራው ገላጣ ነበርና ብልጭታ ቢወድቅበት እንኳ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ የሚሸጋገርበት ማገዶ አልነበረም። ዝናሙ ሲመጣ አስታው በቀለ፣ ተስፋፋ፣ ጥቅጥቅ አለ። ዝናም ቢበዛም የበጋ ወራት ነበሩና፣ በነዚያ ወራት ማገዶው ደርቆ ይጠብቅ ነበር። ስለዚህ በተራራው ላይ እሳትን ያበዛው የዝናም ማነስ ሳይሆን የዕፀዋቱ መብዛት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ደግሞ ይበልጥ ያከራክራል። በደለሉ ውስጥ ከሰል ሲበዛ የአስታ ብናኝ ይቀንሳል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። የተገኘው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በዚያ ረጅም ዘመን ሁሉ አስታና እሳት አብረው ሲበዙና አብረው ሲያንሱ ኖረዋል። ምክንያቱ በተክሉ ጠባይ ነው። የአስታ ቅጠል ረቂቅ ነው፤ እርጥብ ሳለም ይነዳል። ግንዱ ሲቃጠል ግን ከሥሩ አጠገብ ያለው እብጠት ከአፈር በታች ተጠብቆ ይቀርና አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል። እሳት ሲያልፍ እንደዚህ ማቈጥቈጥ የማይችሉት ባላንጣዎቹ ይጠፋሉ፤ እርሱ ግን ቦታውን መልሶ ይይዛል፤ ሲያድግም ለሚቀጥለው እሳት ማገዶ ይሆናል። አስታው እሳቱን ይመግባል፤ እሳቱም አስታውን ያስፋፋል። ሂል ሮሜራና ባልደረቦቻቸው የአስታው መቀነት እሳትን ለሺህ ዓመታት የቻለ ሥርዓት ነው ያሉት ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ እሳቱን የለኰሰው ማን ነው የሚል ጥያቄ ይነሣል። ከሰል የመብረቁንና የሰውን እጅ ለይቶ አይናገርም። ሰው በባሌ ከፍታ ላይ መኖር የጀመረው ግን ቀድሞ ነው፤ ፊንጫ ሐበራ በተባለው ዋሻ በ3,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከዛሬ 47,000 እስከ 31,000 ዓመት ድረስ ጥቁር ባልጩት የሚጠርቡና ትልቁን የባሌ ፍልፈል ጠብሰው የሚበሉ አዳኞች እንደ ነበሩ በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ ያ እሳት ከሰው እጅ ፈጽሞ ንጹሕ ነበር ለማለት አልደፍርም። ከከብት ግን ንጹሕ ነበር። ከብት ወደ አገራችን የገባው ያ የእሳት ዘመን ካለፈ በኋላ እንደ ሆነ የቍፋሮ ማስረጃ ያመለክታልና፣ የመጀመሪያው አሳብ በዚሁ ይወድቃል።

ነገር ግን የባሌን ምስክርነት አንሥቶ ለመላው ደጋ ማዋል ትልቅ ስሕተት ይሆናል። በወሎ ከሐይቅና ከአርድቦ የወጣው ደለል የሚናገረው ሌላ ነው። ኢየን ዳርቢሻየር፣ ሄንሪ ላምና መሐመድ ዑመር በ2003 እንዳሳተሙት፣ በዚያ የነበረው የዝግባና የጥድ ደን ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ500 ገደማ ተመንጥሮ ክትክታና ሣር ተተካ፤ ይህም ለ1,800 ዓመታት ቈየ። (አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሲመጡ ያዩት ኰረብታ እንግዲህ ታላቅ ደን ሳይሆን አብዛኛው ቍጥቋጦ ነበር ማለት ነው።) ከ1400 እስከ 1700 ድረስ ጥድ ከወይራና ከቀውት ጋር ተመልሶ ሰፋ፤ ከዚያ ወዲህ ባሉት ሦስት ምዕተ ዓመታት ደግሞ ምንጣሮውና የአፈሩ መሸርሸር በረታ። ዝግባ እንደ አስታ ከተቃጠለ ግንድ ሥር አያቈጠቍጥም፤ በእሳትና በምሣር የተነካ የዝግባ ደን ቦታውን ይለቃል። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ከኢትዮጵያ ምድር 40 በመቶው በደን ተሸፍኖ ነበር የሚለው በየመማሪያ መጽሐፉ የተደጋገመ ቍጥር ማስረጃ የሌለው መሆኑን የታሪክ ሊቁ ጄምስ ማካን በ1997 ጽፈዋል፤ የሐይቁ ጭቃም ይህንን ያጸናል። ደኑ አንድ ጊዜ ብቻ የጠፋ አይደለም፤ ጠፍቶም ተመልሷል።

እንግዲህ በባሌ የቀረው ክርክር ስለ እሳቱ ሳይሆን ከእሳቱ በኋላ ስለሚሆነው ነው። የጋርባ ጉራቻ ተመራማሪዎች በብሔራዊ ፓርኩ አስተዳደር ውስጥ በጥንቃቄ የሚለኰስ እሳት ቦታ እንዲኖረው አሳብ አቅርበዋል። እኔም አሳቡ ትክክል ይመስለኛል፤ ፓርኩ በ2023 በዓለም ቅርስ መዝገብ ከገባ ወዲህ ጥበቃ ማለት እሳትን ፈጽሞ መከልከል ነው የሚለው አስተያየት እንዳይበረታ እፈራለሁና። ሆኖም አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። በጥንቱ ዘመን አስታው ከተቃጠለ በኋላ ለጋ ቅርንጫፉን የሚግጥ የከብት መንጋ አልነበረም። እሳት የማያጠፋውን ተክል እሳትና ግጦሽ ተባብረው ሊያደክሙት ይችላሉ።

በዚህ ረገድ እረኞቹ የሚያውቁት ብዙ ነው። በኢትዮጵያ አስታማ ተራሮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ የሚያቃጥሉት ለከብቱ ለጋ ግጦሽ ለማግኘት፣ አውሬ የሚሸሸግበትን ጥሻ ለመግለጥ፣ ከብት የሚጎዳውንም መርዛም አባ ጨጓሬ ለማጥፋት ነው። ነፋሱን፣ ዳገቱን፣ የቅጠሉን እርጥበት አይተው ይለኵሳሉ፤ ቀደም ብሎ የተቃጠለው ለጋ አስታ እሳቱን እንደሚያቆመውም ያውቃሉ። እሳት በሕግ ሲከለከል ግን ይህ ዕውቀት ወደ ስውር ይገባል፤ ተመካክሮ በቀን ይለኰስ የነበረው ሰው ሳያይ ተለኵሶ ይተዋል።

ደለሉ አንድን ቦታ በስንት ዓመት አንድ ጊዜ ማቃጠል እንደሚገባ አይናገርም፤ አንዱ ንብርብር የብዙ ዓመታትን ከሰል በአንድነት ይዟልና። ይህን መጠየቅ የሚቻለው በጎዳንቱ ከቆላ ወደ ተራራው ከብት ሲያወጡ የኖሩትን የባሌ ሽማግሌዎች ነው፦ ለማቃጠል የሚወስነው ማን ነበር፣ በየትኛው ወር፣ ከተቃጠለ በኋላስ ከብቱ እስከ መቼ ከዚያ ይርቅ ነበር?